ሁለት ቀን ሠርቶ የተመለሰው ሚኒሞ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን በአጭሩ ልድገመው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2003 ሥሪት የሆነች፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ ቶዮታ ኮሮላ አለችዎት። ነዋሪነትዎ ደሴ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ለመጠየቅ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ከክረምቱ መውጣት ወዲህ መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ይዋዥቃል። ፒያሳ ላይ እግረኛ ለማሳለፍ ሲቆሙ ሞተሩ ይጠፋል፤ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ፍሪሲዮን እንደረገጡ ጸጥ ይላል። የሞተር መብራት በርቷል፤ ስካነር ሲሰካ ፒ 0511 የሚል ኮድ ወጣ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ትሮትል ቦዲ ታጠበ። ያገለገለ የአየር ቫልቭ ተገዝቶ ተቀየረ፤ ሁለት ቀን ልክ ሆነና በሽታው ተመለሰ። ሌላ ቫልቭ ተገዛ፤ እሱም ሁለት ቀን ሠርቶ እንደ መጀመሪያው ሆነ። አሁን አንዱ ባለሙያ አዲስ ቫልቭ ይግዙ፣ ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ይልዎታል። ለጊዜው እንዲያስኬድዎት ብለውም የትሮትሉን ማቆሚያ ብሎን አጥብቀውልዎታል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ መኪናዋ ደህና እንደምትሆን ጽፈው፣ ‹‹የቤንዚኑ ልዩነት ይሆን?›› ብለው ጠይቀዋል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሦስተኛ ቫልቭ አይግዙ፤ ኮምፒውተሩንም አያስነኩ። ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ማስረጃ ‹‹ሁለት ቀን›› የሚለው ቃል ነው። ሁለት የተለያዩ ቫልቮች፣ ሁለት ጊዜ፣ እኩል ሁለት ቀን ሠርተው ከተመለሱ ጥፋቱ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ሳይለወጥ የቀረው ነገር ላይ ነው። ያ ነገር ሶኬቱና ከሶኬቱ ጀርባ ያለው ገመድ ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሐረጎ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው መሣሪያም ይደክማል፤ በውስጡ ተጠራቅሞ የቀረው ለአንድ ወይም ለሁለት ርግጫ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ መሪውም ይከብዳል። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከኋላ የጭነት መኪና እየተከተለዎት፣ ይህ ሊደርስብዎት አይገባም። ስለዚህ መኪናዋ እስክትጠገን ድረስ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሪሲዮን ረግጠው ወይም ማርሹን አውጥተው አይንሸራተቱ። ማርሽ ውስጥ እስካለች ድረስ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያሽከረክረዋል፤ ፍሬንዎም ጉልበቱን አያጣም።

አሁን ወደ ነገሩ። እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ሲያነሡ በትሮትሉ ውስጥ ያለችው ክብ ሳንቃ ትዘጋለች። ሳንቃዋ ስትዘጋ ሞተሩ የሚተነፍሰው በጎን በኩል በተሠራ ጠባብ መተላለፊያ ነው። የመተላለፊያውን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ነው እርስዎ ሁለት ጊዜ የቀየሩት። ቫልቩ በራሱ አያስብም። የሞተሩ ኮምፒውተር በሴኮንድ ብዙ ጊዜ እየበራና እየጠፋ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ምት ይልክለታል፤ በእያንዳንዱ ዙር የበራበት ጊዜ ሲረዝም ወይም ሲያጥር በሩ ይሰፋል ወይም ይጠባል። መብራት ሲያበሩ፣ ኤሲ ሲከፍቱ፣ መሪ ቆመው ሲያዞሩ ሞተሩ ላይ ሸክም ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩ ዙሩ መውረዱን አይቶ በሩን ትንሽ ከፈት ያደርገዋል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ እንደ እርስዎ ያለች መኪና ሚኒሞ በደቂቃ ከ650 እስከ 800 ዙር አካባቢ መቆም አለበት። ከሩጫ በኋላ እግር ሲነሣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጣል፤ ዙሩ ሲወርድ ነዳጁን መልሶ ሲሰጥ ሞተሩ እንዳይወድቅ በሩን ቀድሞ ያዘጋጃል። ሐረጎ ላይ ፍሪሲዮን ሲረግጡ የሚጠፋብዎት ይህ መያዣ ስለሌለ ነው።

ስለ ኮዱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ከሚኒሞ ጋር የተያያዙት ኮዶች አንድ አይደሉም። ፒ 0506 ማለት ዙሩ ከሚገባው በታች ነው፤ ፒ 0507 ማለት ከሚገባው በላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ስለ ውጤቱ ነው የሚናገሩት፤ ምክንያቱ ቆሻሻ፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ፣ የደከመ ቫልቭ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ፒ 0505 ስለ ሥርዓቱ በጥቅሉ ይናገራል። የእርስዎ ፒ 0511 ግን ሰርኪዩቱን ነው የሚከሰው፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደ ቫልቩ በሚሄደው የኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ያልጠበቀውን ነገር አይቷል። ኮምፒውተሩ ጥቀርሻ አያይም፤ ቮልት ነው የሚያየው። ስለዚህ ይህ ኮድ ወጥቶ ትሮትል ቦዲ ማጠብ፣ የስልክ መስመር ተበጥሶ ሳለ የስልኩን ቀፎ እንደመወልወል ነው። ማጠቡ አይጎዳም፤ ለዚህ በሽታ ግን መድኃኒት አይደለም። ቫልቩም በእርግጥ የሰርኪዩቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጠመዝማዛው ሽቦ ወይም በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ሊበላሽ ይችላል። ነገር ግን የሰርኪዩቱ ሌላው ክፍል ገመድ፣ ፒን፣ ፊውዝና የኮምፒውተሩ መውጫ ነው። ኮዱ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አይነግርዎትም፤ ያንን የሚነግርዎት መልቲሜትር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው።

ታዲያ ሁለት ቀን ለምን ሠራ? ቫልቭ ለመቀየር ሶኬቱ መነቀል፣ ከዚያም መሰካት አለበት። ፒን ሲነቀልና ሲሰካ ብረት ብረትን ይፍቃል። የዛገው ወይም የሻገተው ገጽ ተፍቆ ለጊዜው ንጹሕ ብረት ከንጹሕ ብረት ጋር ይገናኛል። ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ መኪናዋ ትድናለች፤ ምስጋናው ለቫልቩ ይሰጣል። ከዚያ የሞተሩ ንዝረት፣ የቀን ሙቀትና የደሴ ሌሊት ብርድ ተባብረው ልል የሆነውን ፒን እንደገና ያላቅቁታል። በእኔ ግምት እርስዎ አዲስ ቫልቭ ባይገዙ እንኳ ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ቢሰኩት ኖሮ ያው ሁለት ቀን ይሠራልዎት ነበር። ይህንን ዛሬውኑ ያለ ምንም ወጪ መሞከር ይችላሉ፤ መኪናዋን ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ ሶኬቱን ሦስት አራት ጊዜ ነቅለው ይሰኩ። ሚኒሞው ከተስተካከለ ጥርጣሬዬ እውነት ሆነ ማለት ነው።

ስለ ኮምቦልቻ የጠየቁት ጥያቄ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ የአካባቢያችንን መልክዓ ምድር ያገናዘበ ጥያቄ ነው። ቤንዚኑ አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ አራት አምስተኛ ይደርሳል። ሞተሩ በሚኒሞ ለመዞር የሚፈልገው የአየር ክብደት ግን ከቦታ ቦታ ብዙም አይለወጥም። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማስገባት በሩ መስፋት አለበት፤ ደሴ ላይ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ያህል። ሰርኪዩቱ ጤነኛ ሲሆን ኮምፒውተሩ ይህንን ሳያስታውቅዎት ያስተካክለዋል። መስመሩ ሲቋረጥ ግን በብዙዎቹ መኪናዎች ቫልቩ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በአንድ የተወሰነ ክፍተት ላይ ይቆማል፤ ማንም አያሰፋውም፣ ማንም አያጠበውም። ያ ክፍተት ለኮምቦልቻ አየር እንደምንም ይበቃል፤ ለደሴ ስስ አየር አይበቃም። ስለዚህ መኪናዋ ኮምቦልቻ ላይ አልዳነችም፤ በሽታዋ እዚያም አብሯት አለ፣ አየሩ ብቻ ነው የሚሸፍንላት። ጠዋት ብርድ ላይ የሚብስ ከሆነም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ አየር ይፈልጋል፣ በሩ ግን አይከፈትለትም።

አሁን እንለካ። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ዲጂታል መልቲሜትር፣ ሁለት ገመድ የተበየደበት የ12 ቮልት 5 ዋት አምፖል፣ ሁለት ስስ መርፌ፣ ደህና ባትሪ። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ራስዎ ባይሠሩት እንኳ አጠገብ ቆመው ቁጥሮቹን ይመዝግቡ፤ ቁጥር የያዘ ሰው ዕቃ አይጫንበትም።

ባትሪውና ፊውዙ ላይ ብዙ አልቆይም። ሞተሩ ጠፍቶ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት፣ እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ካዩ ይለፉ። የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ሞተሩና ሻንሲው ላይ የሚታሰርባቸው ብሎኖች ጠብቀውና ጸድተው እንዲገኙ ያድርጉ። የሞተሩን ፊውዝ በዓይን ብቻ አይመልከቱት፤ በሁለቱም ጫፉ ላይ ቮልት መኖሩን ይለኩ።

ቀጥሎ ቁልፉን አጥፍተው የቫልቩን ሶኬት ይንቀሉና ፀሐይ ላይ ያጥኑት። ቫልቩ ከትሮትል ቦዲው በታች ስለሆነ መስታወት ያስፈልግዎት ይሆናል። የሚፈልጉት አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት፣ የታጠፈ ፒን፣ የተቀደደ የውሃ መከላከያ ጎማና የተሰበረ መቆለፊያ ምላስ ነው። ጥያቄዎ ላይ በክረምቱ ሞተሩን በግፊት ውሃ አሳጥበው እንደነበር በአንድ መስመር ጠቅሰዋል፤ ለእኔ ያ መስመር ከኮዱ እኩል ነው። የግፊት ውሃ ያረጀውን ጎማ አልፎ ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በክረምቱ ጭጋግ ለሳምንታት ሳይደርቅ መዳብ ሲበላ ይቆያል። ሞተር በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ይጸዳል፤ በግፊት ውሃ መመታት የለበትም።

በዓይን የማይታይ ሌላ ጥፋት ደግሞ አለ። በሶኬቱ ውስጥ ያሉት ሴት ፒኖች የቫልቩን ፒን በስፕሪንግ ኃይል ነው የሚጨብጡት። አንድ ሰው የመልቲሜትርን ወፍራም ጫፍ ወደ ውስጥ ገፍቶ ከለካ ፒኑ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ መጨበጥ ይተዋል። ሲለካ ቮልት አለ፣ ሲሰካ ግንኙነት የለም። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ወንድ ፒን ከአሮጌ ቫልቭ ቆርጠው (ሁለት አሮጌ ቫልቭ እጅዎ ላይ አለና) በእያንዳንዱ ቀዳዳ ያስገቡና ያውጡ። ሲወጣ ትንሽ መያዝ አለበት። በራሱ ክብደት ከወደቀ በሽታዎን አገኙት።

በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ሶኬቱ ሦስት ገመድ አለው፦ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚያመጣ፣ ነጌቲቭ እና ከኮምፒውተሩ የሚመጣው የትእዛዝ ገመድ። የገመድ ቀለም ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በቀለም አይመኑ። ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንዱ ወደ ባትሪው የቀረበ ቮልት ያሳያል። ቁልፍ ጠፍቶ በኦም (ኤሌክትሪኩ የሚገጥመው መከላከያ፣ ማለትም እንቅፋት፣ መለኪያ) ሲለካ ሌላው ከሞተሩ ብረት ጋር ዜሮ ያህል ያሳያል። የቀረው የትእዛዙ ገመድ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልተንትን፤ ብዙ ጎበዝ ባለሙያዎች የሚታለሉት በዚህ ቦታ ስለሆነ ነው። መልቲሜትር ቮልት ሲለካ ከመስመሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ የውስጥ መከላከያው 10 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ነው። ገመዱ ከሃያ ክሮች አሥራ ዘጠኙ ተበጥሰው በአንዲት ፀጉር የምታህል ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቢሆን፣ ወይም የዛገ መገጣጠሚያ 20 ኦም መከላከያ ቢፈጥር፣ መልቲሜትሩ ያለ ኀፍረት 12.5 ቮልት ይላል። ሸክም አላሸከመውምና ድካሙን አላየም። ባለሙያው ‹‹ኤሌክትሪክ አለ›› ይላል፤ ጥፋቱ ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ኮምፒውተሩ ይዛወራል። እውነቱን የሚያወጣው 5 ዋት አምፖሉ ነው። አምፖሉ ከ0.4 አምፔር በላይ ይስባል። በዚያ 20 ኦም መገጣጠሚያ በኩል ካበሩት ለአምፖሉ የሚደርሰው ቮልት ወደ 7 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ አምፖሉም ደብዝዞ ያጋልጠዋል።

ስለዚህ አምፖሉን በ12 ቮልቱ ገመድና በነጌቲቩ ገመድ መካከል ያገናኙት፣ በባትሪው ነጌቲቭ ላይ ሳይሆን በራሱ በሶኬቱ ነጌቲቭ ላይ። እንዲህ ሲሆን አንድ አምፖል ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ይፈትናል። ገመዶቹ ፒኑን እንዳያሰፉት ጫፋቸው ላይ ስስ ፒን ያድርጉ። አምፖሉ እንደበራ መልቲሜትሩን አምፖሉ ላይ ያስቀምጡ፤ ከባትሪው ቮልት ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ሁለቱን መስመሮች ለያይተው ይለኩ፦ አምፖሉ እንደበራ ከሶኬቱ ነጌቲቭ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ያለውን ቮልት ይመልከቱ። ጤነኛ ነጌቲቭ ከ0.1 ቮልት አይዘልም። 0.3፣ 0.5 ካዩ ጥፋቱ በነጌቲቩ መንገድ ነው፤ እሱ ጤነኛ ከሆነ በ12 ቮልቱ መንገድ ነው።

አምፖሉ በርቶ ሳለ ዋናው ፈተና ይጀምራል። ገመዱን ከሶኬቱ ጀምረው በጣትዎ እየነቀነቁ፣ እየጎተቱ፣ እያጠፉ፣ ስንዝር በስንዝር ወደ ኋላ ይሂዱ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ ላይ ይቁሙ። በተለይ ገመዱ በብረት መያዣ የሚታሰርበትን፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ የሚወጠርበትንና ወደ ጭስ ማውጫው የሚቀርብበትን ቦታ አይለፉ። መኪናዋ በማለዳ ብርድ ብቻ የምትታመም ከሆነ ፈተናውን በማለዳ ያድርጉ፤ በቀትር ፀሐይ የተፈተነ ገመድ የሌሊቱን ጠባይ አይናገርም።

የትእዛዙን ገመድ ግን በአምፖል ፈጽሞ አይንኩት። እሱ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባ ስለሆነ በ12 ቮልት ወይም በአምፖል ሸክም ሊቃጠል ይችላል፤ እስካሁን ጤነኛ የነበረ ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ በእውነት ይበላሻል። የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፤ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ኮምፒውተሩን አግኝተው ሶኬቱን ያውጡ፤ ከዚያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በኦም ይለኩ። ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ከዚያ በገመዱና በሻንሲው መካከል፣ በገመዱና በ12 ቮልቱ ገመድ መካከል ይለኩ፤ እዚህ ከ10 ሺህ ኦም በላይ ካልሆነ ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ሌላ ነገር ነክቷል። በዚህ ጊዜም መነቅነቁን አይተዉ።

ሁሉም ደህና ከሆነ ሶኬቶቹን መልሰው ሰክተው፣ ስሱን መርፌ ከሶኬቱ ጀርባ በገመዱ ጎን አሾልከው የትእዛዙን ገመድ ሞተሩ እየሠራ ይለኩ። የገመዱን ላስቲክ በመርፌ አይውጉት፤ ያ ቀዳዳ የሚቀጥለው ክረምት የዝገት በር ነው። ተራ መልቲሜትር የምቱን አማካይ ቮልት ያሳይዎታል። ፋኖሶቹን ሲያበሩ፣ ኤሲውን ሲከፍቱ ቁጥሩ መንቀሳቀስ አለበት። ዜሮ ላይ ወይም የባትሪው ቮልት ላይ ተጣብቆ ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ፣ መስመሩም ከላይ እንዳልኩት ተፈትኖ ጤነኛ ከሆነ፣ ስለ ኮምፒውተሩ መናገር የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአግባቡ እየተንቀሳቀሰ ሚኒሞው ካልታዘዘ ደግሞ ተራው የቫልቩ ነው። ቫልቩን በኦም እንለካው የሚሉ አሉ፤ በአሮጌዎቹ፣ በውስጣቸው ሁለት ጠመዝማዛ ብቻ ባለባቸው ቫልቮች ላይ ይሠራል። የእርስዎ ዓይነት በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው የኦም ልኬት ያሳስታል፤ በትእዛዝ ገመዱ ምት ነው የሚፈረደው።

ይህንን ሁሉ በዝርዝር የምጽፍልዎት አንድ ሸክም ስላለብኝም ነው። ሙያውን በጀመርኩባቸው ዓመታት ከሐይቅ ከተማ በኩል የመጣ አንድ አባወራ ተመሳሳይ በሽታ ይዞ መጣ። ቮልት ለካሁ፤ ቮልት አለ። ቫልቩን ለወጥኩ፣ አልዳነም። ኮምፒውተሩ ነው አልኩና ያገለገለ ኮምፒውተር አስገዛሁት። መኪናው አልዳነም። በመጨረሻ ገመዱን ከመያዣው ፈትቼ ሳጥፈው፣ ላስቲኩ ሳይነካ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ነበር፤ ሞተሩ ሲረጋ ይገናኛል፣ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል። ጥገናው የአንድ ስንዝር ገመድ ነበር። ሰውየው የከፈለው ግን የበሬ ዋጋ ነው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ከዚያ በኋላ አምፖል ሳላበራ በማንም መኪና ላይ ፍርድ አልሰጠሁም።

ጥፋቱ ሲገኝ ጥገናው በጥንቃቄ ይሠራ። የሻገተ መዳብ እስከሚያበራው ቦታ ድረስ ወደ ኋላ ይቆረጣል። ሁለቱን ገመድ አጠማዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም፤ በሞተር ሙቀት ናስትሮው ይላቀቃል፣ እርጥበት ይገባል። በመጨበጫ ቱቦ ተጨብጦ ወይም በሊድ ተበይዶ፣ በላዩ ላይ ሙቀት ሲያገኝ የሚሸበሸበው የጎማ ልባስ ይደረግበት። ገመዱ እንዳይወጠር ትንሽ ልል ሆኖ ይታሰር። የላላው ሴት ፒን ከሆነ ፒኑ ራሱ ይለወጥ፤ በመርፌ ማጥበቅ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ነው የሚያደርሰው። ሙሉ ሶኬት ከነገመዱ ከተፈታ ተመሳሳይ መኪና ላይ ማግኘት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል፤ ሲገዙ ግን ቢያንስ ሁለት ስንዝር ገመድ አብሮ ይቆረጥልዎት።

ከዚያ በኋላ ያቺን የትሮትል ማቆሚያ ብሎን ወደነበረችበት ያስመልሱ። ብሎኗ በፋብሪካ የተለካች ናት፤ የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለችም። ሳንቃዋ በእሷ ተገፍታ ትንሽ ከተከፈተች ኮምፒውተሩ እግርዎ ቤንዚን መስጫው ላይ ያለ ይመስለዋል፤ እንዲህ ሲሆን ሚኒሞ መቆጣጠሩን ይተወዋል፣ ቁልቁለት ላይም ነዳጅ በሚገባው ጊዜ ላይቆርጥ ይችላል። ብዙ መኪና ዋናው በሽታ ድኖ በዚህች ብሎን ምክንያት ሳይድን ሲንከራተት አይቻለሁ። ቀጥሎ ኮዱን ያስጠፉ፤ ሞተሩን አስነሥተው፣ መብራቱም ኤሲውም ጠፍቶ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ አንድ ሁለት ጊዜ እስኪዞር ድረስ እግርዎን ሳያስገቡ ይተውት። ኮምፒውተሩ የደሴን አየር እንደገና የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ መብራት፣ ኤሲ፣ መሪ እያሉ አንድ በአንድ ይጨምሩበት፤ ዙሩ ቢነቀነቅም ተመልሶ መቆም አለበት።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ማስታወሻ። ቤንዚን መስጫቸው በሽቦ ገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ትሮትሉን የሚያዝዝ አዳዲስ መኪናዎች ይህ ቫልቭ የላቸውም፤ ሳንቃዋን ራሷን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ይዞ ነው ሚኒሞ የሚጠበቀው። አራት ወይም ስድስት ገመድ ያለው ሶኬት ካያችሁ ደግሞ ቫልቩ ደረጃ በደረጃ የሚዞር ሞተር ነው፤ አለካኩ ከላይ ከጻፍኩት ይለያልና በዚህ ጽሑፍ ቁጥር አትፍረዱ። ገመድን በሸክም መፈተን ግን ለሁሉም ያው ነው።

መምህር፣ ሦስት ቁጥር ይላኩልኝ፦ አምፖሉ በርቶ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት፣ በዚያው ጊዜ ከሶኬቱ ነጌቲቭ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ያለውን፣ የትእዛዙን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ኦም። ከቁጥሮቹ ጋር የሶኬቱን ፎቶ ከውስጥ በኩል፣ በብርሃን አንሥተው ቢያያይዙ ደግሞ ጥሩ ነው። እስከዚያው የፊታችን ቅዳሜ ኮምቦልቻ መውረድዎ የማይቀር ከሆነ፣ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ።